ሃያኛው ቀን

ኤሎይዛ ቪሂል ነገሩን የሰማችው በአንዲት አሮጊት ክንድ ላይ የደም ግፊት መለኪያውን እየጠቀለለች ሳለች ነበር። የሳን ኤሊሴዮ ጤና ጣቢያ ክፍሎች የተከፈሉት በስስ ጣውላ በመሆኑ በአንዱ ክፍል ያስነጠሰ በሌላው ክፍል «ይማርህ» ይባላል። የጤና ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ትሬቨር ይህን እያወቀ በስልክ ሲነጋገር ድምፁን የመቀነስ ልማድ አልነበረውም። «አሮጊቷ ነርስ ተማሪዋን ቦይ ስታስቆፍራት ነው የዋለችው» ሲል ሰማችው፤ ሳቅም ተከተለ። «ሃያ ቀን አልሞላም ብለሽ ፋይሉን ዝጊው። እሷ እንደሆነች ልብም አትል።» ኤሎይዛ የመለኪያውን አየር በዝግታ አስተነፈሰች። መቶ ሠላሳ ስምንት በሰማንያ አራት። ቁጥሩን ለአሮጊቷ ሁለት ጊዜ ነገረቻት፣ በካርዷ ላይ በጥንቃቄ አሰፈረችው፣ ጨው እንድትቀንስ መክራ እስከ በር ሸኘቻት። ከዚያ በኋላ ነው ነጭ ጋዋኗን አስተካክላ ከጣውላው ወዲያ ወዳለው ክፍል የገባችው። ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ተቆጥታ በሽተኛ አቋርጣ አታውቅም፤ በዚያም ቀን አላቋረጠችም።

ትሬቨር ሲያያት ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገሮች ቶሎ ሲዘጉለት የሚደሰት ሰው ነው እንጂ። ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም። ስለ ምን እንደሚያወራ ስትጠይቀው ተማሪዎች የሚልክላትን ኮሌጅ ደብዳቤ ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጣት። ደብዳቤው ከደረሰ አምስት ቀን ሆኖታል።

ኤሎይዛ በሽታ መርምራ መድኃኒት የማዘዝ ፈቃድ ያላት ነርስ ናት። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ከከተማ የሚላኩ አሥራ አንድ ተማሪዎችን ያለ አንድ ሳንቲም ክፍያ አስተምራለች። በቀን አሥራ ስድስት በሽተኛ የሚያይ ባለሙያ ተማሪ ከያዘ አሥር ብቻ ያያል፤ ምሳውን ቆሞ ይበላል፤ ማታ የተማሪውን ጽሑፍ እያረመ ያመሻል። ስለዚህ በሸለቆው ውስጥ ተማሪ የሚቀበል ሰው እየጠፋ፣ ያረጁት ነርሶችም የሚተካቸው ሳይመጣ ጡረታ እየወጡ ነበር። የክፍለ ግዛቱ ሸንጎ ይህን አይቶ ሕግ አወጣ። በሩቅ ገጠር የጤና ተማሪን ያለ ክፍያ ሃያ የሥራ ቀን ያስተማረ ባለሙያ ከዓመቱ ግብሩ ላይ አንድ ሺህ ዶላር ይቀነስለታል፤ ኮሌጁም ማስተማሩን በፊርማና በማኅተም ያረጋግጥለታል። በሸለቆው ይህን ወረቀት የጠየቀች የመጀመሪያዋ ሰው ኤሎይዛ ነበረች። አንድ ሺህ ዶላር ክረምቱን ቤቷን የምታሞቅበትን ጋዝ ይገዛል፤ ይህን አልናቀችውም። ነገር ግን በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ «ይህ ያደረግሽው ሥራ ነው» ብሎ በጽሑፍ የሰጣት አካል አልነበረም፤ የፈለገችውም ያንን ነበር። ከእርሷም ሌላ የሚጠብቁ ነበሩ። በአጎራባቹ የሳንታ ቴክላ መንደር የምትሠራው ኮማድሬዋ ራሞንሲታ፣ ኤሎይዛ ልጇን ክርስትና ያነሳችላት ወዳጇ፣ ተማሪ እንድትቀበል ስትለምናት «መጀመሪያ ማኅተሙን አሳዪኝ፤ የመንግሥትን ተስፋ እራት አድርጌ ተኝቼ አውቃለሁ» ብላት ነበር። ሌሎች ሁለት ነርሶችም አፋቸውን ይዘው የራሞንሲታን አፍ ይመለከቱ ነበር።

ደብዳቤውን የጻፈችው ጃኒን ብራንት የተባለችው የኮሌጁ የተግባር ትምህርት ኃላፊ ናት። ሁለት እንከን አግኝታለች። አንደኛው፣ ከሃያዎቹ ቀናት አንዱ፣ ሰኞ፣ በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ «ዝግ» ተብሎ ተጽፏል፤ ስለዚህ ቀኑ አሥራ ዘጠኝ ነው። ሁለተኛው የከፋ ነበር። በማመልከቻው ላይ «በማስተማርዎ ምትክ ከተማሪዋ ያገኙት ነገር አለ?» ለሚለው ጥያቄ አመልካቿ በገዛ እጇ «አዎን፤ የአንድ ቀን የአካፋ ሥራ» ብላ መልሳለች። ይህ ክፍያ ነው፤ ክፍያ የተቀበለ ደግሞ አንድም ቀን አይቆጠርለትም። አስተያየት ካለ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ይቅረብ፤ ከዚያ በኋላ ፋይሉ ይዘጋል።

«ማን ጻፊ አለሽ?» አለ ትሬቨር፣ እንደ ማዘንም እያደረገው። «ሁሉም ሰው እኮ ‹የለም› ብሎ ነው የሚያልፈው።»

«ተጠየቅሁ፤ መለስሁ» አለች ኤሎይዛ። «ይህን ደብዳቤ አምስት ቀን መሳቢያ ውስጥ ያስተኛኸው አንተ፣ እኔን ጻፍሽ ብለህ ልትወቅሰኝ ነው?» ከሰዓት በኋላ ያሉትን አራት ቀጠሮዎች ወደ ነገ እንዲያዛውር ነገረችው። ማጉረምረም ጀምሮ ነበር፤ ዓይኗን ሲያይ ስልኩን አነሳ።

በሳን ኤሊሴዮ የጸደይ ቦይ ጠረጋ ቀን ሱቁም፣ ፖስታ ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም ይዘጋል። ከቅድመ አያቶቻቸው ጊዜ ጀምሮ ከዚያ ቦይ የሚያጠጣ መሬት ያለው ሁሉ አንድ አካፋ ያዥ ሠራተኛ ያቀርባል፤ ያላቀረበ ይቀጣል። ኤሎይዛ ከእናቷ የወረሰችው ስምንት ኤከር የሣር መሬት አላት፤ ልጅ የላትም፤ ወገቧም አካፋን ከተሰናበተ ቆይቷል። በዚያ ወር ያስተማረቻት ተማሪ ኬልሲ ሃውሰር የዴንቨር ልጅ ናት፤ ከወረቀት በቀር ነገር አንስታ የምታውቅ አትመስልም። «ሰኞ ጤና ጣቢያው ዝግ ነው፤ የእኔ አካፋ ትሆኚልኛለሽ?» ብትላት ልጅቷ እንደ ሠርግ ጥሪ ተቀበለችው። ሄዳ ሮዝ ጓንት ሳይቀር ገዛች። ከአርባ የሚበልጡ ወንዶች ቦዩ ውስጥ ተሰልፈው ሲያዩዋት፣ ከሁሉ አስቀድሞ አፉን የከፈተው ጥርሱን የጨረሰው ሽማግሌ ቤላርሚኖ ነበር።

«እዩልኝ፣ አካፋውን እንደ ማንኪያ ነው የያዘችው። ሾርባ ልትጠጪበት ነው ልጄ?»

«ሾርባስ ለእርስዎ ነው፤ ጥርስ አይፈልግ» አለች ኬልሲ፣ በዚያ በተሰባበረ ስፓኒሽዋ። ቦዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሳቅ ተናጋ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቤላርሚኖ አካፋውን ጥሎ ተቀመጠ። ላብ አጠመቀው፤ ንግግሩ ተወለካከፈ። ሰዎቹ ከማለዳ ጀምሮ ጠጥቶ ነው እያሉ ሲቀልዱበት ኬልሲ ዘወር ብላ ኤሎይዛን አየቻት። ኤሎይዛ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ በረዶ የለበሰውን ተራራ ትመለከት ነበር። አሥራ አንዱንም ያስተማረችው በዚህ መንገድ ነው፤ የሚሞት ሰው ካልሆነ በቀር እጇ አይፈታም። ልጅቷ ገባት። ጓንቷን አውልቃ ተንበረከከች፤ ከኤሎይዛ ቦርሳ መለኪያ አውጥታ ስኳሩን ለካች፤ አርባ አንድ፣ እጅግ የወረደ ነበር። «የማን ምሳ ውስጥ ጭማቂ አለ?» ብላ ስትጮህ አንዱ ሮጦ አመጣላት። ቤላርሚኖ ጠጥቶ፣ ዳቦ ጎርሶ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሾርባው የታለ ብሎ መሳደብ ጀመረ። ከዚያ የገዛ እግሩን በአካፋ የፈለጠ መጣ፤ ከዚያ አቧራው ደረቱን ያፈነው፤ ከዚያም «እዚህ ካላችሁ አይቀር» እያለ ሁሉም የቆየ ሕመሙን ይዞ መጣ። ተማሪዋ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ፀሐይ እስክትገባ አሥራ አራት ሰው አየች። ከሃያው ቀን ሁሉ ብዙ የተማረችበት ያ ቀን ነበር። ኤሎይዛ ግን ያቺ አንድ ሰዓት የአካፋ ሥራ እንደ ሙሉ ቀን በስሟ ተቆጥራላታለች ብላ ስላመነች፣ ሲጠየቁ መደበቅን ደግሞ ስላልተማረች፣ ያገኘችውን ጻፈች።

አሁን የሚያስፈልጋት ምስክር ነው። የዚያን ቀን ሙሉ መዝገብ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቦይ አለቃው። የቦይ አለቃው ወንድሟ ኦኔሲሞ ነው። ከኦኔሲሞ ጋር ከተነጋገሩ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። በድርቁ በጋ የውሃ ተራዋ ሩብ ሰዓት ሲያልፍ የውሃውን መዝጊያ በራሱ እጅ ጣለባት፤ ሣሯ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰላም ይባባላሉ እንጂ ቃል አይለዋወጡም። መኪናዋን አስነስታ ወደ እርሱ ቤት ስትነዳ፣ ሦስት ጊዜ ለመመለስ ቦታ ፈለገች፤ መንገዱ ጠባብ ነበር።

በወፍራም የጭቃ ጡብ የተሠራው ቤት ውስጡ እናታቸው እንደተወችው ነው። የብረት ምድጃው፣ በመስኮቱ ሥር ያለው ረጅም አግዳሚ፣ ግድግዳው ላይ የገበሬዎች ጠባቂ የቅዱስ ኢሲድሮ ሥዕል ከሁለት በሬዎቹ ጋር፤ ሁሉም በቦታቸው ናቸው። የአዲሱ ዘመን ምልክት ጠረጴዛው ላይ ያለው የድንች ገበያ ዋጋ ማስታወቂያ ብቻ ነበር። ኦኔሲሞ በሩን ከፍቶ ለአፍታ አያት፤ ከዚያ የሰማያዊ በቆሎ አጥሚት በኩባያ ቀድቶ ፊቷ አኖረ። የመቶ ፓውንድ ድንች ዋጋ ስምንት ዶላር መግባቱን ነገራት። ለናፍጣ እንኳ አይበቃም አለች። አይበቃም አለ። አጥሚቱን እስከ ግማሽ ጠጣች። በመጨረሻ የመጣችበትን ነገረችው፤ ልመና እንዳይመስል ድምፏን ቀጥ አድርጋ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ኦኔሲሞ ሰምቶ ሲጨርስ ተነስቶ ከመደርደሪያ ላይ ጥቁር ሽፋን ያለውን መዝገብ አወረደ፤ መነጽሩን አድርጎ ጣቱን በስሞቹ ላይ አወረደና አነበበ።

«ቪሂል፣ ኤሎይዛ። ሠራተኛ አላቀረበችም። የላከቻት ልጅ አንድ ሰዓት ሳይሞላት አካፋዋን ጥላ፣ ከሦስት ሰዓት እስከ ፀሐይ መግቢያ ከታመሙት ጋር ዋለች፤ ባለመሬቷም አጠገቧ ቆማ ስታስተምራት ዋለች። ቅጣት፣ ስልሳ ዶላር።»

ኤሎይዛ ኩባያውን አስቀመጠች። «ምን አልህ?»

«ቅጣት። ነገ በቅዱስ ኢሲድሮ በዓል ላይ ከሌሎቹ ጋር ይነበባል።»

«ቤላርሚኖ እኮ ከአንተ ቦይ ውስጥ ሬሳ ሆኖ ሊወጣ ነበር! ሰው ባድንልህ ትቀጣኛለህ?»

«ሰው በማዳንሽ አይደለም፤ አካፋ ባለማቅረብሽ ነው» አለ ኦኔሲሞ፣ መነጽሩን እየጠረገ። «ሕጉ ምክንያቱ ይጻፍ ይላል፤ ጻፍሁ። እህቴን ከማርሁ ነገ ማንን ልቀጣ ነው?»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው። ነገር ግን የተነበበላትን መልሳ አሰበችው። መዝገቡን ወደ ራሷ ዘወር አድርጋ እንደገና አነበበችው። አካፋው ካልተቆጠረላት፣ ከተማሪዋ ያገኘችው ነገር የለም። ልጅቷ ከታመሙት ጋር ከዋለች፣ እርሷም አጠገቧ ቆማ ካስተማረች፣ ቀኑ ሃያኛው ቀን ነው። ቀለሙ የዚያኑ ቀን ማታ የደረቀ ነው፤ የጻፈውም ሊጠቅማት ብሎ አይደለም። በግትርነቱ ሁለት በሮች በአንድ ቁልፍ ከፍቶላታል። መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ እንባ እስኪያመጣ ሳቀች። ኦኔሲሞ ያበደች መስሎት ውሃ ሊያመጣላት ተነሳ።

«መዝገቡን ስጠኝ» አለች።

«ይህ መዝገብ ያለ ቦይ አለቃ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።»

«እንግዲያው የቦይ አለቃው ባርኔጣውን ያድርግ።»

በእርሱ አሮጌ ፒካፕ እስከ ኮሌጁ ያለውን ሠላሳ ማይል ሄዱ። መዝገቡ በመካከላቸው እንደ ሕፃን በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። በመንገድ ላይ የተናገሩት ስለ አንድ የተሸጠ ትራክተርና ስለ ዝናብ ብቻ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ኮሌጁ ደረሱ።

ጃኒን ብራንት የምትሠራበት ቢሮ ብርሃናማ፣ ወረቀት የበዛበት ክፍል ነበር። ሴትዮዋ ደከም ያለች፣ ጨዋ፣ ያልተረጋገጠ ነገር ላይ ለመፈረም እጇ የማይፈታ ሰው ናት፤ ኤሎይዛ ይህን ባየች ጊዜ በልቧ አከበረቻት። መዝገቡን ገልጣ ስታየው ግን በስፓኒሽ የተጻፈ በመሆኑ አልገባትም። ኦኔሲሞ ሊተረጉምላት ጀመረ። ብራንት በትሕትና እጇን አነሳች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ማን ነዎት?»

«የቦይ አለቃ ነኝ።»

«ከአመልካቿ ጋር ዝምድና አለዎት?»

ኦኔሲሞ ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ በሌላው ጉልበቱ ላይ አኖረው። «ወንድሟ ነኝ።»

የክፍሉ አየር ከበደ። ብራንት ብዕሯን አስቀመጠች፤ የወንድም ትርጉም ለእርሷ በቂ አለመሆኑን እያፈረች ገለጸችና በሚቀጥለው መስኮት የምትሠራውን ዕድሜዋ የገፋ ሴት ጠራቻት። ሴትዮዋ ገጹን ጮክ ብላ፣ ቃል በቃል እየተረጎመች አነበበች፤ «ከታመሙት ጋር» የሚለው ላይ ደረሰች፤ ቆማ ስታስተምራት ዋለች የሚለውን አለፈች፤ ከዚያ ቆም አለችና ከመዝገቡ ቀና ብላ ኦኔሲሞን አየችው።

«የገዛ እህትዎን ስልሳ ዶላር ቀጥተዋታል?»

«አካፋ አላቀረበችም» አለ ኦኔሲሞ።

ሴትዮዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት መዝገቡን በደረቷ አቀፈችው። ብራንት ግን አልሳቀችም፤ ከሁሉም በላይ የገባት እርሷ ነበረች። ቀኑን አየች፣ ገጾቹን ወደፊትና ወደኋላ ገልጣ የሌሎቹንም ቅጣት አየች፤ ከዚያ ለአለቃዋ ስልክ ደውላ በጸጥታ አስረዳች። ወንድምና እህት አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የግድግዳውን ሰዓት ያዩ ነበር። አሥር ሰዓት ከሩብ። ኤሎይዛ እጇን የምታኖርበት አጥታ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች። ከስልኩ ወዲያ ያለው ሰው ምን እንዳለ ባይሰማም፣ ብራንት ስትመልስ ሰሙ፦ «አይ፣ ጌታዬ። ለእህቱ የሚዋሽ ሰው መጀመሪያ ቅጣቱን ይተውላት ነበር።»

ስልኩን ዘጋች። አዲስ ቅጽ አወጣችና ያንን ጥያቄ እንደገና እንድትሞላው ሰጠቻት። ኤሎይዛ ብዕሩን ተቀብላ ቀጥ ባለ ጽሕፈቷ «ምንም» ብላ ጻፈች። ኦኔሲሞ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አየና፣ ቅጣቱም ይጻፍ፣ እውነት ሙሉ መሆን አለበት አለ። ብራንት አያስፈልግም ከማለቷ በፊት ኤሎይዛ ጨመረችበት፦ «ይልቁንም በዚሁ ምክንያት ስልሳ ዶላር ተቀጥቻለሁ።» ብራንት አንብባ ፈረመች። ማኅተሙን ቀለም ላይ ሁለት ጊዜ ጫን አድርጋ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው፤ ድምፁ በክፍሉ ውስጥ እንደ መዶሻ ጎላ። ከዚያ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ሰጠቻት። አሥራ አንድ ተማሪ በላከላት ኮሌጅ ውስጥ ተነስቶ ወረቀት የሰጣት ሰው ይህች የመጀመሪያዋ ነበረች። ሰኞ አዲስ ተማሪ ትልክላት እንደሆነም ጠየቀቻት። ኤሎይዛ አንዷን ለእኔ፣ አንዷን ለሳንታ ቴክላ መንደር አለች፤ ራሞንሲታን ሳታማክር። ማኅተሙን ካየች በኋላ እምቢ የምትልበት አፍ እንደማይኖራት ታውቃለች።

ከሕንፃው ሲወጡ ኤሎይዛ ፊት ፊት ሄደች። ወረቀቱን በፖስታ ውስጥ ከታ በክንዷ ሥር ሳይሆን በደረቷ ፊት ይዛዋለች፤ ደረጃውን የወረደችው ወገብ የሚባል ነገር ኖሯት እንደማያውቅ ሰው ነበር። መንገዱ ላይ ገበያተኞች ያልፋሉ፤ የዳቦ ቤቱ በር ክፍት ነው፤ የከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ ተራራውን አቅልታዋለች። ወደ ፒካፑ ስትደርስ ብቻዋን መሆኗን አስተዋለች። ዘወር ስትል ኦኔሲሞ ገና በደረጃው መካከል ነበር፤ መዝገቡን በአንድ ክንዱ አቅፎ፣ በሌላው እጁ የብረቱን ድጋፍ ይዞ፣ በአንድ እግሩ አንድ አንድ ደረጃ እየወረደ። ጠበቀችው። ሲደርስ ወዲያና ወዲህ አየና የሱሪውን እግር በጥቂቱ ወደ ላይ ሰበሰበ። ጉልበቱ ያበጠ ድንች መስሏል።

«ከገና ጀምሮ ነው» አለ፣ ዓይኑን በዳቦ ቤቱ በር ላይ አድርጎ። «ልመጣ ልመጣ እያልሁ… እንዲያው መንገዱ አልቀና አለኝ። አንድ ጊዜ ብታዪልኝ።»

ኤሎይዛ ጎንበስ ብላ አየችው። እጇን ልትዘረጋ ቃጥቷት መለሰችው፤ ቀና አለች።

«እኔ አላየውም። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ጤና ጣቢያ ና፤ ተማሪዬ ታየዋለች።»

«ተማሪ?» አለ ኦኔሲሞ። «የእኔን ጉልበት ሊለማመዱበት ነው?»

«ሊማሩበት ነው። እኔ አጠገቧ እቆማለሁ።» የፒካፑን በር ከፈተችለትና መዝገቡን ከክንዱ ተቀበለችው፤ እርሱም፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳይከራከር ለቀቀው። «ብትቀር ደግሞ» አለች ኤሎይዛ፣ «ምክንያቱን ጽፌ ስልሳ ዶላር እቀጣሃለሁ።»